አልጋው ስር የጮኸው መሣሪያ

"ቱቦው የት ገባ?" አለች የቤቱ እመቤት፣ በቧንቧ ሠራተኛው ትከሻ ላይ አጮልቃ።

ሠራተኛው ወደ ፍሳሹ መስመር የሰደደውን የካሜራ ገመድ መግፋት አቆመ። እስካሁን በስክሪኑ ላይ ቆሻሻም ቢሆን ክብ ግድግዳ ይታይ ነበር። አሁን ግን ጭው ያለ ጨለማ ብቻ ነው።

"ተሰብሯል" አለ። "ውሃው አፈሩን ጠርጎ ወስዶታል። ካሜራው የቱ ጋ እንዳለ ከላይ እንፈልገው።"

የካሜራውን ምልክት የሚከተለው መሣሪያ ጢጥ ጢጥ እያለ ከጓሮ ወደ ቤት መራቸው። ሳሎኑን አልፎ ወደ አማቷ ክፍል ታጠፈ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ እመቤቲቱ በልቧ "እዚያ ብቻ አይሁን" ስትል የነበረው ይህንኑ ክፍል ነው። ባሏ ለእናቱ ብሎ፣ የፍሳሽ ቱቦው ካለፈበት መሬት በላይ ከቤቱ ጋር ቀጥሎ ያሠራው ክፍል ነው። ያኔ ግንበኛው "መጀመሪያ ቱቦውን እናዙረው" ቢለው፣ "የአንዲት አሮጊት ክብደት ምን ያደርገዋል!" ብሎ ስቆበት ነበር።

ሠራተኛው ደፉ ላይ ቆሞ መሣሪያውን አማቷ ወደተኙበት አልጋ ዘረጋ። ሳያቋርጥ ጮኸ። በመፍቻው የወለሉን ሴራሚክ ቢያንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ።

"ማንም እንዳይገባ! እናታችን ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይውጡ፤ አሁኑኑ!"

እመቤቲቱ ክው አለች። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ በዚሁ ክፍል ሰበብ ከተኳረፉ ከርመዋል። "ይሸታልና ሳሎን ይተኙ" ብትላቸው፣ ክፍሌን ለእህቷ ልትሰጥብኝ ነው ብለው ነገር ገብቷቸዋል።

"እማማ፣ በሞቴ ይነሡ! ከስርዎ መሬት የለም!"

አማቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። "ባለፈው ሽታ፣ ዛሬ ደግሞ መሬት! እህትሽ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች አይደል?"

"ማንም የለም! እውነቴን ነው!"

"እንግዲያው ልጄ ከሥራ ሲመጣ እነሣለሁ።"

አልጋው ስር ኮሽ አለ። አፈር ወደ ታች ሲንሸራተት ተሰማ። ባሏ ማታ መጥቶ "እናቴስ?" ሲላት ታያት። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሠራተኛው ክንዷን ቢይዛት መንጭቃ አስለቀቀችና አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች።

አማቷ ቀና አሉ። ያቺ ያኮረፏት ምራታቸው እጇን ወደ እሳቸው ዘርግታ ልትገባ ነው።

"ተመለሽ!" ብለው ጮኹ። "አንቺ ልጆች አሉሽ፤ እኔው እመጣለሁ።"

ብርድ ልብሱን ገፈፉና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ወለሉ አወረዱ።