ግራ ጆሯቸው የተሰነጠቀ በጎች

ፍሬሕይወት ላፕቶፑን ገልብጣ ብታራግፈው ከሆዱ ገብስ ተንጠባጠበ።

«ምነው! ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ጎታ?» አለች፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ከጎታ ነው የወጣው» አለ ይታየው፣ እናቱን በጎን እያየ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ውሃ የገባው ስልክ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር ይድናል ሲሉ ሰምቼ ነዋ፣ ልጄ። ሩዝ ከየት አባቱ ላምጣ? ገብስ ውስጥ ቀበርኩት።»

ይታየው መምህር ነው። ክረምት ላይ የጓሳን ሜዳ በፈረስ ሲያቋርጥ ዝናብ ከነቦርሳው አበሰበሰው፤ እናቱ ደግሞ ላፕቶፑን ጎታ ውስጥ አከረሙት። ዛሬ ሞላሌ ገበያ ዳር ወዳለችው የፍሬሕይወት ሱቅ ያመጣቸው የአባቱ የአቶ ወዳጆ ሙት ዓመት መድረሱ ነው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ የመረቁትን ምርቃት ይታየው በዚሁ ላፕቶፕ ቀርጾታል። ጥሩሸዋም ድግሱ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብለው ቆርጠው ተነሥተዋል።

እሳቸው የማያውቁት ከምርቃቱ በኋላ የተነገረውን ነው። ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር፤ ባላቸው ግን ገና ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። ከቀየት ገበያ ገዛኋቸው ሲሏቸው የኖሩት በጎች የጎረቤታቸው የእታገኝ ነበሩ። እታገኝ ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ እንዳይነጥቋት ፈርታ፣ አርባልኝና ግልገሉን እኩል እንካፈል ብላ ማንም ሳይሰማ ለርቢ የሰጠቻቸው ናቸው። አቶ ወዳጆ ካረፉ በኋላ ሽማግሌ ይዛ ብትመጣ፣ ይታየው «አባቴ የነገረኝ ነገር የለም» አለ። አለና ቁጭ አለ! ምስክር የለ፣ ሽማግሎቹ ምን ያድርጉ? ተበተኑ። ሴትዮዋም «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም።

ይታየው ቅጂውን ሊያጠፋ ስንት ጊዜ እጁን ዘርግቷል። ግን የአባት ድምፅ ነው፤ እንዴት ብሎ! ዝናቡ ላፕቶፑን ሲያበላሸው በልቡ «ተመስገን» ብሎ ነበር፤ ብሎም ራሱን ታዝቧል።

ፍሬሕይወት ሃርድ ዲስኩን ፈትታ አወጣችና በገመድ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«ይድናል?» አሉ ጥሩሸዋ።

«እሱስ አይድንም፣ እማማ። የያዘውን ግን ሳይሞት ልቀዳው እሞክራለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ገበያ ካለዎት ይሂዱ።»

«ጌሾ እገዛለሁ። እንዲያው በመድኃኔ ዓለም፣ ሌላው ቢቀር ይቅር፤ የሱን ድምፅ አደራ!» ብለው ወጡ።

ይታየው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዲስኩ አንዴ ዝም ሲል ልቡ ዘለለ፤ በደስታ ይሁን በድንጋጤ ለራሱም አልገባውም። ወዲያው ቀጭ ማለቱን ቀጠለ።

«የፋይሎቹ ስም ጠፍቷል፤ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው» አለች ፍሬሕይወት። «አንድ በአንድ ልክፈተውና የቱ እንደሆነ ንገረኝ።»

የተማሪዎች ፈተና መጣ። የሰርግ ፎቶ መጣ። የፈረሱ ፎቶ መጣ። ቀጥሎ አቶ ወዳጆ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ብቅ አሉ።

«... ጎታችሁ አይጉደል፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ ክፉ አይንካችሁ...»

«አሜን» አለ ይታየው ሳያስበው።

አቶ ወዳጆ ረጅም ሳል ሳሉ። «በል ደግሞ ይቺን ስማኝ፣ ይታየው። ግራ ጆሯቸው የተሰነጠቀው በጎች የእታገኝ ናቸው። እናቶቹ የሷ፣ ግልገሉ እኩል። ሳልመልስ ብሞት አንተ መልስ፤ በሰው ሐቅ እንዳታስጠይቀኝ።»

ፍሬሕይወት ቪዲዮውን አቆመችው። ሞላሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ የበጎቹ ክርክር እዚህም ተሰምቷል። ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ለድግሱ የፈለጋችሁት ምርቃቱን አይደል?» አለችው። «ከሳሉ ላይ እቆርጠዋለሁ። የኔ ሥራ መቅዳት ነው፤ የሰማሁት ነገር የለም።»

ክፉ ብላ አይደለም፤ ልታግዘው ነው። ይታየው ግን ሽማግሎቹ ፊት «የነገረኝ ነገር የለም» ሲል የገዛ ራሱን ድምፅ የሰማ መሰለውና አፈረ። በበሩ ወደ ገበያው አየ። በግ የሚነዱ ሰዎች ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ።

«አትቁረጪው» አለ።

«ሙሉውን?»

«ከነሳሉ።»

ጥሩሸዋ ጌሾአቸውን ታቅፈው ተመለሱ። «እህስ? ተገኘ?»

«ተገኘ፣ እማዬ።»

እልልታቸውን አቀለጡት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ወደ ሱቁ አየ። ሲያበቁ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «በል አሁኑኑ አሰማኝ!» አሉ።

«ቤት ትሰሚዋለሽ። መጀመሪያ እትዬ እታገኝን ለሙት ዓመቱ እንጥራቸው።»

«እታገኝን? ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ? ብንልክባትስ እሺ ብላ ትመጣለች?»

«ሰው አልልክም። ነገ በጎቻቸውን እየነዳሁ እኔው እሄዳለሁ።»

ጥሩሸዋ ቀጥ ብለው አዩት። «የማንን በጎች?»

ይታየው ጌሾውን ከክንዳቸው ላይ ተቀበላቸው።

«ነይ፣ እማዬ። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»