ለሰላምታ የሚነሳው ክንድ

የሰደበኝ ቦጋለ ነው፣ የመንገድ ሥራው ካቦ። ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ቀኑ ሰኞ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ገና ማለፉ ነው፤ በበዓሉ የተበላው ሥጋ ከሰው ሆድ አልወጣም። ቦታው ከሶዶ በታች ድንጋይ የምንፈልጥበት ገደል አፍ ላይ። ሰዓቱ የስም ጥሪ ሰዓት።

"ኤርካሎ" ሲል "አቤት" አልኩ። በአገጩ ወደ አካፋው ጠቆመኝ።

"ካቦ፣ ቀኝ ክንዴ አልነሳ ብሏል። ያውቃሉ እኮ" አልኩት።

እኔን ትቶ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "የዚህ ሰውዬ ክንድ በሥራ ቀን ይሞታል፣ በጊፋታ ለሥጋ ይነሳል" አላቸው።

ሳቁ። ቶማ ሳቀ፤ ከአንድ ቆርቆሮ ውሃ አብረን የምንጠጣው ቶማ። ዱባለ ጥርሱን ላለማሳየት ፊቱን አዙሮ ሳቀ፣ ትከሻው ሲርገፈገፍ ግን አየሁት። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሰው እንዲህ ያለውን ይረሳል ይባላል፤ እኔ አልረሳም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከፊት ወንበር አንስቶ ወደ ኋላ የወሰደኝ መምህር ነበር። "አንተ ፊደሉን ብትቆጥር ፊደሉ አንተን አይቆጥርህም" ብሎኛል። እሱን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አርጩሜውን በየትኛው እጁ ይዞ እንደነበር እነግረዋለሁ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተውኩ። የቦጋለን ንግግር ደግሞ ከዚያ አስበልጬ ይዤዋለሁ።

ክንዴን የጎዳው የገልባጭ መኪናው ስፖንዳ ነው፣ የኋላው የብረት መዝጊያ። ድንጋይ ልናወርድ ከኋላ ቆመን ሳለ ሾፌሩ "ዞር በሉ" ሳይል መቆለፊያውን ለቀቀው። ብረቱ ቀኝ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አጥንት አልወጣም፣ ደምም ብዙ አልፈሰሰም፤ ለዚህ ነው ሰው ያላመነኝ። ጣቶቼ ይጨብጣሉ። ክንዱ ግን ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ እርጥብ ጋቢ ነው። በግራ እጄ ደግፌ ካነሳሁት ይነሳል። ግራዬ ሲለቀው ይወርዳል።

ወጌሻው በቅቤ አሸልኝና "ቀስ ብሎ ይመለሳል" አለ። ሚስቴ አስካለች ይህን ቃል ይዛ ቀረች። ጎረቤት ሲጠይቃት "ቀስ ብሎ ይመለሳል ብለዋል" ትላለች፣ ወጌሻው ብዙ ሰው ይመስል። እኔም ፊቷ ላይ ባፌዝባትም ጠዋት ጠዋት ከበሩ ኋላ ቆሜ እሞክረው ነበር።

የኩባንያው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው ወልደመስቀል ግን ሌላ አለ። አንዴ አየኝና "ድኗል፣ ሥራ ይችላል" ብሎ ለቦጋለ ነገረው። ድኗል ከተባለ ካሳ የለም። ካሳ ከሌለ ደግሞ እኔ ምን ነኝ? የማርሰው መሬት የሰው ነው። ወላይታ ውስጥ ባለ ሁለት ጥርሱን መቆፈሪያ በአንድ እጅ የሚያነሳ ሰው አልተፈጠረም። የቀረችኝ ቦዲቲ ገበያ ውስጥ ጨውና ሳሙና የሚሸጥባት አንዲት ጥግ ነበረች። የጅምላ ነጋዴው ጀማለዲን "መነሻውን ይዘህ ና እንጂ ዕቃውን እኔ አስይዝሃለሁ" ብሎኛል። ቀጥሎም "ግን ቶሎ በል፣ ቦታዋን የሚፈልግ ሌላም አለ" አለኝ። መነሻው ያ ካሳ ነው። ከዚያ በቀር በር አልነበረኝም።

ስለዚህ ከሰስኩ። ክሱን ያጻፈልኝ ደገፉ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ከፈረንጆች ጋር ሲሠራ ቋንቋቸውን የለመደ። ዳኛው ሁለታችንንም ሰማ። ቦጋለ "የእኛ ሐኪም ድኗል ብሏል" አለ። እኔ "ሐኪሙ የናንተ ነዋ" አልኩ። ዳኛው ጥቂት ፈገግ አለና ከሁለታችንም ወገን ያልሆነ ሐኪም ይይህ ብሎ አዘዘ። ወደ አርባ ምንጭ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሐኪም ሶዶ ውሎ እንዲያየኝ ተነገረው።

ሐኪሙ በሚያየኝ ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ እስከ መንገዱ ሄጄ ተመለስኩ። አስካለች የቀቀለችውን ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ሰጠችኝ፤ አንዱን ልጬ ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት።

"ተቀመጥና ብላ" አለችኝ።

"ተቀምጫለሁ።"

"ቆመሃል እኮ።"

ነጩን ሸሚዝ አለበሰችኝ፣ ቁልፉን እሷው ቆለፈችልኝ። "አውልቅ ሲሉህ አትፈር። ደግሞ ክፉ አትናገር። አንተ ሐኪሙ ፊትም ቢሆን ቂምህን ማውጣትህ አይቀርም" አለችኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ከንጋት ጀምሮ ያልታጠበ ሰውነት ይመስል ይበላኝ ነበር። ከሰው ቀድሜ ሐኪም ቤቱ ደረስኩ። አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩበት፣ ተነሳሁ፣ ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ እንደገና ተቀመጥኩ።

ቦጋለ ኩባንያውን ወክሎ መጣ። ኮት ለብሷል። ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ።

"ዛሬ ሙሽራ መስለሃል። ሐኪሙ ሊያይህ ነው ወይስ ሊድርህ?"

አጠገባችን የነበረው ደገፉ ሳል አስመሰለው፤ ሳቅ እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ። የኔ ያልኩት ሰው ነው። ይህችንም ያዝኳት።

ተጠርተን ገባን። ሐኪሙ ፀጉሩ ነጭ፣ እጁ ትልልቅ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ሽማግሌ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይጽፍ ነበር። ስገባ ቀና አለ፣ ብዕሩን አስቀመጠ፣ ከወንበሩ ተነሳ።

ለእኔ ተነስቶ የተቀበለኝ ሰው አላስታውስም። ሽማግሌ ሲሆን፣ ያውም ፈረንጅ። ተነስቶ ደግሞ እጁን ዘረጋልኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው ልጅ ሆኖ ያደገ የሚያደርገውን አደረግሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ክርኔን በግራዬ ደግፌ ሰላም አልኩት። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ጥርሴን ነከስኩ።

ሐኪሙ እጄን ይዞ የተነሳውን ክንዴን ትክ ብሎ አየው። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ የቦጋለ ድምፅ የመጣው።

"በል ደገፉ ተርጉምለት። በዓይኑ አይቷል አይደል? ለሰላምታ ይነሳል፣ ለአካፋ አይነሳም በለው።"

ደገፉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ከዚያ ተረጎመ፤ ሊተረጉም ነው የመጣው። ሐኪሙ አንዲት ቃል መለሰ።

"'አይቻለሁ' ነው ያለው" አለ ደገፉ፣ እኔን ሳያይ።

ፊቴ ነደደ። ገበያው፣ ጥጊቱ፣ ጀማለዲን፣ ሁሉም በገዛ እጄ ሄደ አልኩ። በአክብሮት ሄደ። እግሬ በሩን ይፈልግ ነበር። ወልደመስቀልንም ያኔ ሰላም ያልኩት እንደዚሁ ደግፌ ነበር፤ ይህ ትዝ አለኝ። እሱም ያየው ይህንን ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አላስብም። እሱ ውሸታም ነው።

ሸሚዜን አወለቅሁ። ሐኪሙ ትከሻዬን ከፊትም ከኋላም ዳሰሰ፣ በጣቱ ጫን እያለ ይጠይቃል፤ ደገፉ ይተረጉማል፣ እኔ "አዎ" እላለሁ፣ "እዚያ ጋ አዎ" እላለሁ። ከዚያ ደገፉ "ክንድህን አንሳ ይልሃል" አለኝ።

አነሳሁ። ግራ እጄ ሳላዘው ሄዶ ከክርኔ ስር ገባ። ሽማግሌ ፊት አንድ እጅ ብቻ ገትሮ መቆም አላወቅሁበትም።

"እንደገና ተነሳ እኮ" አለ ቦጋለ።

ሐኪሙ አሁን ያየው ቀኙን አልነበረም። ግራ እጄን አየ። ደገፉን ጠየቀው። ደገፉ ብዙ ተናገረ፣ በራሱ እጅም ደግፎ አሳየው። እኔ ያልኩትን ሳይሆን የራሱን ነበር የሚናገረው። ሐኪሙ "አሃ" አለ።

"ምን አልከው?" አለ ቦጋለ።

"በእኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው አንድ እጅ ብቻ አይሰጥም አልኩት።"

"ሰበብ ትፈልግለታለህ?"

"አንተስ ለአባትህ በአንድ እጅህ ነው የምትሰጠው፣ ቦጋለ?"

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ እሱ ዝቅ አለ። እጁን እንደገና ዘረጋልኝና ተናገረ። ደገፉ ተረጎመ።

"እንደ ታናሽህ ሰላም በለኝ ይልሃል። ታላቅህ አይደለሁም፣ ልጅህ ነኝ ብለህ አስበኝ፣ በአንድ እጅህ ብቻ።"

ለልጅ ግራ አይደገፍም። ይህ እውነት ነው። አሁን ማምለጫ አልነበረኝም።

እንዲህ ነው ነገሩ፤ ያ ክንድ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ለአስካለችም ቢሆን። ስበላ በግራ፣ ስለብስ በግራ፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ደገፍ አድርጌ። አሁን ቦጋለ ግድግዳውን ተደግፎ እያየ ላሳየው ነው። እንቢ ብል ሸሚዜን ለብሼ እወጣለሁ፤ ቦዲቲም አብሮ ይቀራል። ግራ እጄን ከኋላዬ ወሰድኩና ቀበቶዬን ጨበጥኩበት።

ሞከርኩ። አንገቴ ተወጠረ፣ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ ከብብቴ ወረደ። እጄ ከጭኔ ትንሽ ራቀ። ከዚያ ተመልሶ ጭኔን መታው። እንደገና ሞከርኩ። የሐኪሙ እጅ አየር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ወገቤን ጠምዝዤ ልወረውረው ታገልኩ፤ ተወዛውዞ ቆመ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።

ሐኪሙ ራሱ እጁን ዝቅ አድርጎ ከጭኔ ላይ እጄን ወሰደና ጨበጠኝ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ደገፉ ወደ እኔ ዞረ። ሲናገርም አማርኛውን ትቶ በወላይትኛ "ኢሻ" ብሎ ጀመረ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

"የትከሻህ ጅማት ተበጥሷል ይላል። በጊዜው ቢሆን ይሰፋ ነበር። አሁን አልፎበታል። ለዳኛው እንዲሁ አድርጌ እጽፋለሁ ይላል።"

"ቀስ ብሎም አይመለስም?"

ሊጠይቀው ዞረ። ሐኪሙ ሳይተረጎምለት ገብቶት ኖሮ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ይህን ነበር እንዲል የምፈልገው። ይህን እንዲል ነው ዳኛ ፊት የቆምኩት። ሲለው ግን አፉን ብዘጋለት ደስ ባለኝ። ሸሚዜን ደገፉ አለበሰኝ፤ አስካለች የቆለፈችውን ቁልፍ ደገፉ ቆለፈልኝ። ማታ "ምን አሉ?" ስትለኝ ካሳውን አስቀድሜ ልንገራት ወይስ ክንዱን፣ እሱን አሰላስል ነበር።

ውጭ ስወጣ ቦጋለ ከኋላ ደረሰብኝ። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎታል።

"ኤርካሎ፣ ቆይ እንጂ። ምን ያስሮጥሃል?"

ቆምኩ፤ እግሬ ግን አልቆመም፣ ጠጠሩን ይገፋል።

"ስማኝ። ኩባንያው ዘበኛ ይፈልጋል። የናፍጣ በርሜሎቹን የሚጠብቅ። ደመወዝህ እንደ ቀድሞው። አንተ የሚጠበቅብህ ዳኛው ዘንድ ሄደህ 'ታርቀናል፣ ክሱን ትቻለሁ' ማለት ነው። የሐኪሙ ወረቀት ሳይደርስ፣ ነገ በጠዋቱ።"

ጠጠሩን አንዴ ገፋ አደረግሁ።

"ክስ ሰው ያደኸያል። ይፈረድልሃል እንበል፤ ኩባንያው ይግባኝ ይላል፣ አዲስ አበባ ይላል፣ አንተ በምንህ ትመላለሳለህ? ልጆችህ እስከዚያ ምን ይበላሉ?"

እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እውነቱን መሆኑ ነው። ጀማለዲን አይጠብቀኝም። የወር ደመወዝ ደግሞ በወሩ ይመጣል። "እሺ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ቅርብ ስለነበር ጣዕሙን አውቀዋለሁ።

"ሌባ ቢመጣ በምኔ እመታዋለሁ ብለህ እንዳትሰጋ" አለ፣ ፊቱን ለማለስለስ እየሞከረ። "ታፏጫለህ። ማፏጨት አያቅትህም አይደል? በስም ጥሪም ማንም ቀና ብሎ አያይህም። እኔ አለሁ።"

እሱ አለ። ዓይኑን አየሁት፤ የሚያሾፍ አልመሰለኝም። ያን ሰኞ ምን እንዳለኝ ጨርሶ ረስቶታል። እኔ ሌሊት የምገላብጠውን ቃል እሱ እንደ ምራቅ ተፍቶት ሄዷል።

"እህስ? ምን ትላለህ?"

ቀኝ እጄን በግራዬ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዞርኩ።

"ኤርካሎ" አለ ከኋላዬ። "ሰው ሲያናግርህ መልስ ይሰጣል።"

አቧራውን እያቦነነ የሚመጣ የጭነት መኪና ነበር። ዳር ያዝኩለትና መንገዴን ቀጠልኩ።