ሦስተኛው ምስክር

አምሳሉ ለለቅሶ መጥቶ አልተቀመጠም። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆመ፤ ንፍሮ ሲያቀርቡለት እጁን አልዘረጋም፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አላለም። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ቆሞ ሳለ መቀመጥ ነውር ነውና አግዳሚው ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሡ። እሱ ሰውን ሁሉ አቁሞ የሟቹን ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉም በላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሜዳይ ሲመለከት ቆየና፣ «ይኸ ነው የሞተው?» አለ።

እቴናት ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። አባቷ መንበሩ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቃ፣ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ከመጣች ጀምሮ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲህ ነው፤ መቀበሩን ለማረጋገጥ የመጣ ይመስል ዐይቶ ይሄዳል።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። መንበሩ በወጣትነቱ ጸሐፊ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ዱር የገቡ አርበኞች አገልግሎታቸውን እያስመዘገቡ ሜዳይ በሚጠይቁበት ቢሮ። ደንቡ አጭር ነው። አርበኛ ነበርኩ የሚል ሰው አብረውት የተዋጉ ሦስት ምስክሮች ያቀርባል፤ ዘመድ ለዘመድ አይመሰክርም። መንበሩ በበቅሎ ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ ምስክር ሰማ፣ ጻፈ፣ አውራ ጣት አስፈረመ። ስንቱን ሽማግሌ «ሁለት ብቻ ነው ያለህ» ብሎ መለሰ። ሜዳይ ያላገኘው ሁሉ ልጅ አለው፤ ልጁም ቂም አለው።

«አባቴ ውበቱ ከዚህ እስከ ማርቆስ ሰባት ጊዜ በእግሩ ተመላልሷል» አለ አምሳሉ፣ ለእሷም ለሰውም እንዲሰማ። «ሰባት ጊዜ ምስክርህ አልተሟላም ተባለ። የሞተ ጊዜ አልቃሿ የምትለው ጠፋት። ውበቱ ደጉ ገበሬ ብላ ዝም አለች። ከኋላዬ አንዱ ባንዳ ነበር ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የጣሊያን አሽከር! አባቴን!»

«አያ አምሳሉ፣ አባቴ ሰው በድሎ አያውቅም። ምስክር ቢሟላ ኖሮ—»

«እኮ ወረቀቱን አሳዪኝ። ነገ ሠልስቱ ነው። አልቃሿ አያትሽን ወልደ ሰንበትን፣ ጨሞጋ ወንዝ ላይ ለአገሩ የወደቀ እያለች ታወድሰዋለች። ከዚያ በፊት የአባቴን ማኅደር አምጪ። ካላመጣሽ ከእኔ ወገን ይህን ደጅ የሚረግጥ የለም። አንቺም ስትሞቺ ቀባሪ ከማርቆስ ይዘሽ ነይ።»

ወጥቶ ሄደ። የቆመው ሰው ተቀመጠ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መንበሩን ሰማይ ቤት በር ላይ ሦስት ምስክር አምጣ ይበሉት ስትል እቴናት ሰማች። ሁለት ሦስቱ በሳል አስመስለው ሳቁ።

እሷም ብትሆን ደንቡን ቀምሳዋለች። ልጅ ሆና፣ አንዲት ልጅ መታችኝ ብላ እያለቀሰች ወደ ቤት ስትገባ አባቷ ያላት፣ «ማን አየ?» ነበር። ጓደኛዋን እየጎተተች አመጣች። «ሌሎቹስ ሁለቱ?» አለ፤ ቀልዱን አልነበረም። ያን ቀን ጠልታው ዋለች። አድጋ ቢሮ ስትገባ፣ ለወንድሙ ልጅ ሲል ደንብ የሚያጥፈውን አለቃ ሁሉ ስታይ ግን ኮራችበት። አባቷ ለማንም አያዳላም። ይህን ለማንም ልትምልለት ትችል ነበር።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ሲዘጋ አባቷ ማኅደሮቹን ይዞበት የመጣውን ሣጥን የከፈተችው አምሳሉን ለማሳፈር ነው። ሁለት የአውራ ጣት አሻራ አገኛለሁ፣ አፍንጫው ሥር እዘረጋለሁ ብላ ነው። ማኅደሮቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። «ውበቱ» ከ«ወ» መደብ መጨረሻ ላይ ተገኘ።

አሻራው ሦስት ነበር።

ሁለቱ ምስክሮች የዘመቻውን ዓመት፣ የጠመንጃውን ዓይነት ተናግረዋል። ሦስተኛው፣ አካለ ወልድ የተባለ ሰው፣ እንዲህ ብሏል፦ «ጠላት ከማርቆስ ምሽግ ወጥቶ ጨሞጋን ሲሻገር መንገድ የሚመራለትን ሰው ውበቱ ተኩሶ ጣለው፤ ጦሩም ተበተነ። ወርዶ ፊቱን ቢያየው ወልደ ሰንበት ሆኖ አገኘው። አፈር አልብሶት ወደ እኛ ተመለሰ።»

ከሥሩ የራሱ የውበቱ ቃል አለ። መንገድ መሪውን ስለ መግደሉ ተጠይቆ፣ «የሰውየውን ፊት አላየሁም» ብሏል።

እቴናት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ውበቱ በገደለው ሰው ልጅ በመንበሩ ፊት ተቀምጦ ለልጁ ሲል ዋሽቶለታል። ልጁም ውሸቱን በዚያ በማይዛነፍ እጅ ጽሑፉ ጽፎ፣ ማኅደሩን ዘግቶ፣ ሰባት ጊዜ መልሶታል። ሃምሳ ዓመት አልቀደደውም። አሻራ ያረፈበት ወረቀት መቅደድ የማይችል ሰው ነበር።

«አቃጥይው።»

የአባቷ ታላቅ እህት፣ የብርጓል፣ በሩ ላይ ቆማለች። ማኅደሩን ገና ከሩቅ ነው ያወቀችው።

«እትየ፣ ያውቁ ነበር?»

«ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመዶች ሬሳውን አውጥተው ሲያመጡት እናቴ ጩኸት አላሰማችም። አርበኛ የሞተባት ሴት ዝም አትልም።» ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። «ኋላ አጎቶቼ አርበኛ ነበር ብለው ምለው ሜዳዩን አመጡልን። በእሱ አደግን፤ በእሱ ተዳርሁ። ለአምሳሉ ከሰጠሽው የእኔን ለቅሶ እንዳትደርሽ።»

በማግስቱ ድንኳኑ ሞላ። አልቃሿ ወለተ ኪዳን መካከል ገብታ ስለ መንበሩ ቅንነት፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ እጅ ጽሑፉ ሙሾ አወረደች፤ ሴቶቹ ደረት እየመቱ ተቀበሏት። «የወልደ ሰንበት ልጅ» ብላ ወደ አባቱ ገድል ስትሻገር እቴናት ተነሣች። አምሳሉ እንደ ትናንቱ መግቢያው ላይ ቆሟል። ማኅደሩን ዘረጋችለት።

አልተቀበላትም። «ዐይኔ አይለይም። አንቺ አንብቢው» አለ። ዐይኑ ደህና ነበር።

አነበበች። የመጀመሪያውን ምስክር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። «ወልደ ሰንበት» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሌላ ሰው ነው እንዳይል «አያቴ ነው» ብላ ጨመረች። የብርጓል ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሜዳዩን ከተሰቀለበት አወረደችና ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሲያልፉ አንዱ እቴናት እግር ሥር ምራቁን ጢቅ አደረገ፤ ለሟቹ ይሁን ለእሷ አልለየም።

«አባቴስ?» አለ አምሳሉ። «አባቴ ምን አለ?»

«የሰውየውን ፊት አላየሁም ብሏል።»

ሽማግሌው ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዐይቷል» አለ። «በኋላ ደግሞ የአባትሽን ፊት ዐየ።»

ማኅደሩን ከእጇ ወስዶ ኮቱ ውስጥ አስገባ። ለውበቱ አሁን ገና ለቅሶ ልቀመጥ ነው ብሎ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ሴቶች ቀሩ። ወለተ ኪዳን እጆቿ ተንጠልጥለው መካከል ላይ እንደ ቆመች ነች። ሰው ያለ አባቱ ስም አይለቀስለትም።

«ምን ልበል እንግዲህ እቱ? ወልደ ሰንበትን ልዝለለው?»

«አትዝለዪው» አለች እቴናት። «አባቱ ነው። ስሙን ጥሪው፤ ከስሙ በኋላ ያለውን ተዪው።»

አልቃሿ «መንበሩ፣ የወልደ ሰንበት ልጅ» ብላ ጠራች፤ ገድሉ ይመጣበት በነበረው ቦታ ላይ ዝም አለች። ሴቶቹ በምን እንደሚቀበሏት ጨነቃቸው። እቴናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ወለተ ኪዳን እንደገና ጠራችና እንደገና ዝም ስትል፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ እቴናት ብቻዋን ደረቷን መታች።