ድምፁ እስኪደርስ

"ወጣ! ወጣ!" እያለ ሰፈርተኛው ወደ ባሕሩ ዳር ሲተም፣ ማሪቪክ ቢላዋዋን ከዓሣው ሆድ ሳታወጣ ቀና አለች።

ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ ባሕሩና ሰማዩ በሚገጥሙበት፣ የክብሪት ራስ የምታህል እሳት ቀስ ብላ ሽቅብ ትሳባለች። ድምፅ የላትም። ቻይናዎች ከማዶ ሮኬት ሲያስወነጭፉ ከፊሊፒንሷ ደሴት ከፓላዋን ዳርቻ የሚታየው ይኸው ነው። ጭሱ ከፍ ሲል የጠለቀችው ፀሐይ ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ እንደ ተወረወረ መረብ በሰማይ ይዘረጋል። ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል።

"አንቺ፣ ተመኚ እንጂ!" አሏት ጎረቤቷ እማማ ፓሲንግ። "ባልሽ ደግሞ ሞተር ላሠራ ብሎ ከተማ የሚሄደው ዛሬን መርጦ ነው? ይኼኔ ቢራውን እየገለበጠ ያየዋል።"

"ያየዋል" አለች ማሪቪክ።

ባሏ ክሪሳንቶ ግን ከተማ አልሄደም። የባሕር ጠባቂዎቹ ከሮኬቱ የሚገነጠለው ቅርፊት የሚወድቅበትን ቦታ ለይተው ማንም እንዳይወጣ ከከለከሉ ወዲህ ጀልባዎቹ በሙሉ አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። እሱ ግን "ሰው በሌለበት ባሕር ዓሣው ሁሉ የኔ ነው" ብሎ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ከተያዘ የማጥመድ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሞተሩን ወሬ የነዛችው እሷ ናት። ጀንበር ሳትጠልቅ እገባለሁ ብሏት ነበር።

ብርሃኑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ሽቅብ ቀጠለ። ሌላው እየደበዘዘ ወደ ባሕሩ ዞረ።

"ውይ ሲያምር!" አለች አንዲት ልጃገረድ። ሰዉ አጨበጨበ።

ማሪቪክ የወደቀውን እንጂ የወጣውን አላየችም። ከዚህ ሲታይ የጥፍር ያህል ነው። ከሥሩ ላለ ሰው ምን ያህል ይሆን?

ሰዉ ወደየቤቱ መመለስ ሲጀምር ድምፁ ደረሰ። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ተንቀጠቀጡ፤ ውሾች ጮኹ። ክሪሳንቶ ባለበት ባሕር ስልክ አይሠራም። ዓሣውን እዚያው ትታ ወደ ጠባቂዎቹ ጎጆ ሄደች። ተረኛው የእማማ ፓሲንግ ልጅ ኤልመር ነበር።

"ምነው ማሪ፣ ደም በደም ሆነሽ? ዓሣ ነው ወይስ አማትሽን አረድሽ?"

"ሬዲዮው ይሠራል?"

"ይሠራል። ማንን ልትጠሪ? ባሕር ላይ እኮ ዝንብ የለም። ደግሞ ከተማ ያሉት አለቆቼ ሁሉ ይሰሙሻል።"

"አውቃለሁ።"

የኤልመር ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ማሪ... ከተማ ነው አላልሽም?" ወደ ደጁ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትንሽ ጠብቂው። ራሱ ቢመጣስ? አንዴ ከተናገርሽ መመለሻ የለውም።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አነሳች፣ ቁልፉን ተጫነች።

"ክሪሳንቶ ማግባኑዋ" አለች ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማ። "ሰማያዊ ጀልባ፤ ስሟ ሉዝቪሚንዳ። የተከለከለው ቦታ ውስጥ ነው ያለው። ሚስቱ ነኝ። ፈልጉልኝ።"