የቡቃያው ባርኔጣ

አባባ የዘር ማብቀያ ድንኳኔን ያገኙት ዶሮ ሲያባርሩ ነው። ዶሮዋ ደረጃውን ወጥታ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ወደማይገባበት ክፍል ሮጠች፤ እሳቸውም መጥረጊያ ይዘው ተከተሏት። እኔ ጓዳ ዓሣ እያጠብኩ ነበር። መጥረጊያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም አባባን የመሰለ ነገረኛ፣ ድንገት ዝም ሲል ያስፈራል። እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ክው ብለው ቆመዋል። ድንኳኑ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ውጪው ጥቁር ነው፣ ውስጡ ያብረቀርቃል። ዚፑን ሳልዘጋ ረስቼው ኖሮ መብራቱ ጣሪያው ድረስ ያበራል፣ ትንሿ ማራገቢያ ታንጎራጉራለች። ዶሮዋ ጥግ ተወሽቃለች፤ አባባ ግን ረስተዋታል። እሳቸው የሚያዩት አፍ ለአፍ የተገጠሙትን ሁለት ሳህኖች ነው። የላይኛውን ቀና አደረጉት። እርጥቡ ሶፍት ላይ አሥር ፍሬ ዘር ተኝቷል፤ ሦስቱ ተሰንጥቀው ነጭ ጭራ አውጥተዋል።

«ዱዋን» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይሄ ጋንጃ ነው።»

«ነው፣ አባባ።»

«በሩን ዝጊ።»

«ዕፁን የሚከለክለው ሕግ ተነሥቷል እኮ። መንደሩ ሁሉ እየተከለ ነው። እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ ፈቃዱ ይኸው፣ ስልኬ ላይ አለ።»

«እኔን ስድስት ዓመት ያሳሰረኝ ወረቀት ነው። አሁን ደግሞ ስልክ ሊያስፈታኝ ነው? በሩን ዝጊ ብያለሁ።»

ይህን እያሉ የመንደሩ ሹም ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ውሾቻችሁን ለክትባት አምጡ ነው የሚለው። አባባ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ድንኳኑን በጀርባቸው ከለሉት፤ ሽርጣቸው ይርገፈገፍ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ሲባል ሰምቼ እንጂ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አልሳቅኩም። ያን እባብ ቤታችን ያስገባው ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባባና ታናሽ ወንድማቸው ኦንሲ ተራራው ላይ፣ ከካሳቫው ማሳ ጀርባ፣ ጋንጃ ይዘሩ ነበር። ዘሩ ከአያቴ የወረደ ነው፤ «የሽኮኮ ጅራት» ይሉታል። አንድ ቀን ሁለቱ ተጣሉ። አጎቴ «ተው ጋሼ፣ ልጅ አለህ፤ ይሄን ነገር እናቁም» አሉ፤ አባባ ደግሞ ፈሪ ብለው ሰደቧቸው። በሳምንቱ ፖሊሶች መጡና ማንንም ሳይጠይቁ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ ተራራው ወጡ። አባባን በካቴና አስረው አወረዷቸው። ማን ጠቆመ ለሚለው ጥያቄ አባባ መልስ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ኦንሲ ነው አሉ፣ አለቀ።

ከእስር ሲወጡ መጀመሪያ ያደረጉት ደረጃውን መንቀል ነው። ቤታችን በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ ደረጃው የሚወርደው በአጎቴ ቤት በኩል ነበር፤ ነቅለው ወደ ማዶ አዞሩት። ቀጥለው በዚያ ጎን ያለውን ብቸኛ መስኮት በምስማር ጠረቀሙት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተጎራብተው አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ክፍሉ የጨለመው በዚህ ምክንያት ነው። ድንኳኔን እዚያ የተከልኩትም ስለሚጨልም ነው፤ ሰው ከራሱ ጥፋት እንኳ ጥቅም ያወጣል።

ያን ቀን አባባ እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ግን ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ሲያጮልቁ ያዝኳቸው።

«በሶፍት ነው እንዴ የምታበቅዪው?» አሉ። «አፍንጫ መጥረጊያ ላይ?»

«ሶፍት እርጥበት ይይዛል። ዘሩን አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌው ነው ያስተኛሁት።»

«ፀሐይ በነፃ እያለች በአምፖል ማሞቅስ?»

«ዝናቡ ያበሰብሰዋላ። ደግሞ ዶሮው ይለቅመዋል።»

«በእኛ ጊዜም ዶሮ ነበረ።»

«በእናንተ ጊዜ ተራራ ላይ ነበራ የምትዘሩት።»

«ተራራ ላይ ፖሊስ አለ። ዶሮ ይሻላል» አሉና ገቡ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣቸው። ትንንሾቹን ኩባያዎች አፈር ስሞላ «አትጠቅጥቂው፣ ሥሩ በምን ይተንፍስ» ይሉኛል። ዘሩን በወረንጦ ይዤ ሳስገባ «ጭራው ወደ ታች፤ ከጥፍርሽ በላይ አታጥልቂው» ይሉኛል። ወረንጦዬን የማስቀምጠው አንዲት ያረጀች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኗ ላይ ዝሆን አለባት። እሷን እያቀበሉኝ በኩራት ቸብ ቸብ ያደርጓታል። «የሽልማት ሣጥን» ይሏታል። እኔ ወረንጦዬን አንሥቼ ክዳኗን እዘጋለሁ።

ዘሩን ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁኝም፤ ከሱቅ መስሏቸዋል። እኔም አልተናገርኩም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በዝናቡ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ምጽዋት ሊቀበሉ በየዕለቱ ለሚያልፉት መነኮሳት ሩዝ ልሰጥ መንገድ ዳር ተንበርክኬ ሳለ አጎቴ ኦንሲ አጠገቤ ተንበረከኩ። የሩዝ ሙዳዬ ውስጥ በሰም የተደፈነ የቀርከሃ ቁራጭ ሻጥ አደረጉ።

«የአባትሽ ነው» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ዘር ካልታደሰ ይሞታል። በየሦስት ዓመቱ አራት አራት እግር እያበቀልኩ አድሼዋለሁ።»

«በዚያ ሕግ? ቢይዙዎትስ ኖሮ?»

«ቢይዙኝማ ጋሼ ደስ ይለው ነበር» አሉና ሙዳያቸውን አንሥተው ሄዱ።

እዚያው እንደተንበረከክኩ ቀረሁ። መነኮሳቱ አልፈውኝ ሄደዋል፤ ሩዙ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ከሃዲ የተባለ ሰው ለሃያ ስምንት ዓመት መታሰርን እየደፈረ የከሰሰውን ሰው ዘር ሲጠብቅ፣ የከዳሁት እኔ ከአባቴ ጋር ቁርስ እየበላሁ ኖሬያለሁ።

በስድስተኛው ቀን ስምንቱ ከአፈር ብቅ አሉ። በላያቸው የደፋሁትን ፕላስቲክ ሳነሣ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሁለት ሁለት ክብ ቅጠል አውጥተዋል። አንዱ ብቻ፣ በጠርዙ በኩል ያለው፣ የዘሩ ቅርፊት እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ተጣብቆ ቅጠሎቹን መክፈት አቅቶታል።

አባባ ግን ባርኔጣውን አላዩም። የሚያዩት ግንዱን ነው። ከሥር ጀምሮ እስከ አንገቱ ወይን ጠጅ መልክ አለው። አንዱ ቡቃያ ሥር የወደቀ ባዶ ቅርፊት አነሡ፤ እንደ ነብር ዥንጉርጉር ነው። በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሱቅ።»

«የአባቴን ዘር ሱቅ ከየት ያመጣዋል?»

ፕላስቲኩን መልሼ ልደፋ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይሄ ዘር ያለው አንድ ሰው እጅ ነው። እኔን ሸጦ ዘሩን አስቀረ ማለት ነው። አንቺም ታውቂያለሽ። ከኔ ማዕድ እየበላሽ ከእሱ ትቀበያለሽ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። ኩባያዎቹ የተደረደሩበትን ትሪ በሁለት እጃቸው ያዙት። «በመስኮት እንዳልወረውረው መስኮቱ ተቸንክሯል። ለአሳማ ነው የምደፋው።»

«ይተዉት፣ አባባ። አጎቴ አልጠቆሙም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ያኔ እኮ ጥርስሽን እየነቀልሽ ነበር።»

«የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

ትሪው እጃቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። አንዴ ከአፌ ከወጣ ወዲያ ልይዘው አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በዚያ ዓመት የአባቶች ቀን መምህራችን አባታችሁን ሲሠራ ሳሉ አለችን። ሌሎቹ ጎሽና ሩዝ ሳሉ። እኔ አባባን ሳልኩ፤ ተራራውን፣ በካሳቫው መሀል የሚያልፈውን መንገድ፣ በዙሪያቸው ከእሳቸው የሚረዝም ተክል፣ እያንዳንዱን ቅጠል ከነጣቶቹ። ሽልማት ሊሰጥ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ሥዕሌ ፊት ብዙ ቆየ። «ይሄ መንገድ በየት በኩል ነው፣ ማሙሽዬ?» አለኝ። ወንድ ልጅ መስዬው ነበር። በኩራት ነገርኩት። አንደኛ አወጣኝና በቆርቆሮ ሣጥን አሥራ ሁለት ባለ ቀለም እርሳስ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን አባባን ይዘው ሲወርዱ ያው ሰውዬ ደረጃችን ሥር ቆሞ ነበር። ራሴን ዳበሰና «ሰዓሊዋ ሴት ናት ለካ» አለ።

አባባ ትሪውን ቀስ ብለው መለሱት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ዝሆኗ ያለችበትን ሣጥን አዩ።

«ይቺ?» አሉ።

«እሷ ናት።»

«እናትሽ እስር ቤት መጥታ ዱዋን በሥዕል አንደኛ ወጣች አለችኝ። ያልነገርኩት እስረኛ የለም። ለጠባቂው ሳይቀር ነግሬዋለሁ። ሌላው ሲያለቅስ እኔ በዚህ ነበር የምተኛው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን እንደሳልሽ አንድም ቀን አልጠየቅኩ።»

በጥፊ ቢመቱኝ በስንት ጣዕሙ። ማልቀስ ፈለግኩ፣ ዓይኔ ደረቀ።

መነጽራቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ «ቅጠሉ ስንት ጣት ነበረው?» አሉ።

«ሰባት።»

«ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ለራሳቸው ይመስል፣ «ኦንሲ ምነው አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም ቢለኝ።»

«ብለውዎታል፣ አባባ። ከእስር በወጡ ቀን ደረጃው ሥር ቆመው ሦስቴ ብለዋል። እርስዎ ደረጃውን እየነቀሉ ነበር።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እንደዚያ ደንግጠው ያየኋቸው አንድም ቀን የለም፤ በካቴና ሲያወርዷቸው እንኳ ፊታቸው እንዲህ አልነበረም። ላነሣቸው እጄን ብዘረጋ ገፉኝ። ራሳቸው መደርደሪያውን ተደግፈው ተነሡና ጠርዙ ላይ ያለውን ቡቃያ ማየት ጀመሩ። ባርኔጣው እንዳለ ነው፤ የታፈኑት ቅጠሎች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል። እስከ ማታ ካልወለቀለት ይሞታል። አባባ በሁለት ጥፍራቸው ሊይዙት ሞከሩ። ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጭኗ አንገት ታጠፈች። ቶሎ ለቀቁት። እኔ ወረንጦዬን አነሣሁ፤ የኔም እጅ ከሳቸው አይሻልም ነበር።

«ተይው» አሉ። «እኛ እንገድለዋለን። መዶሻ አምጪ።»

አመጣሁ። የመስኮቱ ምስማሮች ዝገው ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል። አምስት ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሲነቀል ያቃስታል። አባባ አልቧቸው፣ እጃቸው ተልጦ፣ ላግዝዎት ብላቸውም እንቢ ብለው፣ የመጨረሻውን ነቀሉና መስኮቱን በትከሻቸው ገፉት። የቀኑ ብርሃን ዓይናችንን ወጋን። አጎቴ ኦንሲ ማንጎው ሥር ተቀምጠው የዓሣ ወጥመድ ይጠግናሉ። ድምፁን ሰምተው ቀና ብለዋል። ቀርከሃው ከእጃቸው ወድቋል።

አባባ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ሁለተኛም ከፈቱ። ይቅርታ የሚል ሰው አፍ አላቸው ብዬ አላስብም ነበር፤ የላቸውምም።

«ኦንሲ» አሉ። «ባርኔጣው አልወልቅ አለኝ።»

አጎቴ ወጥመዱን ከጉልበታቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እንዳትጎትተው፣ ጋሼ» አሉ። «ምራቅህን ቀባ አድርግና ተወው። መጣሁ።»

ተነሥተው ሽርጣቸውን አጠበቁና እየሮጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ መጡ። መጥተው ግን ከመስኮቱ ሥር፣ ድሮ ደረጃው በነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ። ወደ ላይ እያዩ እግራቸውን አነሡ፤ የሚረግጡት ግን የለም።