የተቃወመችው ሴት ስም

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ጌጤነሽ ንባቧን አቋርጣ አነሳችው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደአምላክ ናቸው።

«ቃለ ጉባኤውን ኢሜይል አድርጊልኝ እንጂ! ‹በሙሉ ድምፅ ተወሰነ› ብለሽ ዝጊው።»

«እማማ የሺሀረግ ተቃውመዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን ሆድ ይፍጀው። ስም ጽፎ ሰው ማቀያየም ምን ይጠቅማል?»

የእድሩ ጸሐፊ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁሌም እንዲሁ ብላ ስትዘጋ ኖራለች። እዚህ ሰው አገር የአስታማሚነት ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። የእሑዱ ውሳኔ ግን ከሠላሳ ማይል በላይ ርቆ የሚኖር አባል ቢሞት እድሩ አይደርስም የሚል ነው። እማማ የሺሀረግ ደግሞ ልጃቸውን ተከትለው ከዚያ የሚርቅ ፍሬድሪክ የሚባል ከተማ ገብተዋል። «ሐዘን በማይል ይለካል እንዴ?» ብለው ብቻቸውን ተቃወሙ።

«ቀጥዪ» አሉ ስልኩን ስትዘጋ የምታስታምማቸው ሚስተር ሃሮልድ ከወንበራቸው።

ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሳታመጣቸው በፊት እንግሊዝ አገር የአንዲት የባሕር ዳር መንደር ምክር ቤት ጸሐፊ ነበሩ። መንደሯ ሁለት መቶ ሰው አይሞላትም፤ ጌጤነሽ የምታነብላቸው የቃለ ጉባኤ መዝገቧ ቅጂ ግን ጠረጴዛውን ሞልቶታል። የጠፋ በግ ሳይቀር ተጽፏል። ጌጤነሽ ሰሞኑን «ሥራ ፈቶች!» እያለች በሆዷ ስትስቅባቸው ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1911ዱን ቃለ ጉባኤ አነበበች። ለታችኛው ሰፈር የባሕር መከላከያ ግንብ ይሠራ ወይስ ይቅር? ስድስት ሰዎች ይቅር አሉ። አንዲት ሴት ብቻ ተቃወመች፤ ባሏን ባሕር የወሰደባት ኤለን ፕራት።

«አሁን የ1953ቱን» አሏት።

ጎርፍ የታችኛውን ሰፈር ጠርጎ ከወሰደው በኋላ የተደረገ ስብሰባ ነው። ጌጤነሽ የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። «ኤለን ፕራት ትክክል ነበረች። ምክር ቤቱ ተሳስቷል። ይመዝገብ።»

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ! ሴትዮዋ አፈር ከሆነች በኋላ!

«ማን አስገደዳቸው?» አለች።

«ማንም። ስሟ ተጽፎ ተገኘ። ባይጻፍ ኖሮ ማንን ትክክል ነበረች እንላለን?»

እንዲህ ያለ ጉባኤ በምድር ላይ መኖሩ ደነቃት፤ ትንሽም አስፈራት። ስልኳ ላይ የእድሩን ቃለ ጉባኤ ረቂቅ ከፈተች። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን አጥፍታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «አንድ ተቃውሞ፣ ወይዘሮ የሺሀረግ በላቸው። ‹ሐዘን በማይል ይለካል እንዴ?› ብለዋል።» ለሊቀመንበሩም ለአባላቱም ሁሉ ላከችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ ጋሽ ወልደአምላክ ናቸው። ጌጤነሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነሳችው።