ገራሙና ደንባራው ክንፍ

ባሌ ኤልደን በዕድሜው አንድም ነገር በጥድፊያ ሠርቶ አያውቅም። ቁርሱን እስኪጨርስ ቡናው ይቀዘቅዛል። እኔን ለማግባት ሲያወጣ ሲያወርድ አባቴ ሁለት ትራክተር ቀይሯል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ለምንሠራት አውሮፕላን ፈጣኑን ክንፍ ካላደረግን ብሎ ድርቅ ሲል፣ ምን ነካው አልኩ።

አውሮፕላኗን የምንሠራው ላሞቹን ከሸጥን ወዲህ ባዶውን በቀረው በረት ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የምታስቀምጥ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ገላዋ አልቋል፣ ጅራቷም ቆሟል፤ የቀረን ክንፉ ብቻ ነበር። ክንፍ ደግሞ እንደ ሌላው አካል አይደለም። እንደ ዳቦ ቆርጠህ ከጎኑ ብታየው የሚታየው ቅርጽ፣ የሆዱ ጠፍጣፋነት፣ የጀርባው ጉብታ፣ የአፍንጫው ሹልነት፣ የአውሮፕላኗን ጠባይ በሙሉ ይወስናል። ያንን ቅርጽ መርጠህ የክንፉን ጎድኖች አንዴ ከኮምፔርሳቶ ከቆረጥክ በኋላ፣ ጠባይዋን እወቅና ኑር ነው።

ከብዙ ማማረጥ በኋላ ሁለት ቅርጽ ቀረን። አንዱ ወፍራም ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫው ድቡልቡል። እኔ ገራሙ እለዋለሁ። አይፈጥንም፣ ግን ሲደክመው ይናገራል። አፍንጫዋን ከልክ በላይ ቀና ብታደርጋት አየሩ ጀርባውን የሚለቀው ከኋላ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው፤ መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወንበሩ ከሥርህ ይርገበገባል፣ ለማረም ጊዜ ይሰጥሃል። ሌላው ቀጭን፣ አፍንጫው የሾለ፣ ፈጣን ነው። ነዳጅም ይቆጥባል። ግን ደንባራ ነው። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይሸከምህና ድንገት ይከዳሃል። ለማረፍ ዝቅ ባልክበት ሰዓት ከከዳህ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ የሚለቅመው ስብርባሪ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጉልበቴ ሳይደክም በበቆሎና በድንች ማሳ ላይ መድኃኒት የምረጭ አብራሪ ነበርኩ፤ ሁለቱንም ዓይነት በእጄ አውቃቸዋለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ የምፈራው ለኤልደን ነበር። ባለፈው መኸር በተዋሳት አውሮፕላን በመንደሩ የሳር ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ መሬቱ ገና ሩቅ ነው ሲል ሳይጠብቀው አገኘው። አውሮፕላኗ እንደ ኳስ ነጠረች፣ አሁንም ነጠረች። ከወረደ በኋላ ነፋሱ ነው አለ። የዚያን ቀን የቤቶቹ ጭስ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው። እጁ ዘግይቷል ብዬ ደመደምኩ፤ ሰባውን ካለፈ ቆይቷል። በዚያ እጅ ላይ ደንባራውን ክንፍ መጨመር፣ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው። ባሌን እቀብራለሁ ማለት ነው። ግን ለአብራሪ «እጅህ አርጅቷል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ምላሴ የማያርፈው ሴትዮ እንኳ አልደፈርኩትም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ስለ ክንፍ ተጨቃጨቅን።

በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጨቃጨቅን። አርብ አርብ የተጠበሰ ዓሣ በምንበላበት ቤት፣ በአፍ መጥረጊያው ወረቀት ላይ ክንፍ እየሳልን ተጨቃጨቅን። በፈጣኑ ክንፍ ዳኮታ ያለችው እህቱ ዘንድ ለምሳ እንደሚደረስ ይነግረኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እለዋለሁ።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው?» አለኝ አንድ ቀን። «ዕድሜዬን ሙሉ ቶሎ በል ስትዪኝ የኖርሽው?»

ይህን ሲል ፊቴን ትቶ ጆሮዬን ነበር የሚያየው። እልህ የያዘው ሰው ዓይን ለዓይን መግጠም አይወድም ብዬ ተውኩት።

ከጭቅጭቁ ያወጣን ዱዌን ነው። ዱዌን ጎረቤታችን ነው፤ የራሱን አውሮፕላን በእጁ ሠርቶ ጨርሷል፣ ይህንንም ማንም እንዳይረሳበት ይጠነቀቃል። ቅዳሜ ጠዋት በአየር ማረፊያው ተሰብስበን ቦንቦሊኖ ስንበላ ሲሰማን ቆየና፣ ክንፍ እየመረጥን ነው ወይስ እየተፋታን ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ከየቅርጹ አጭር ቁራጭ እንድንሠራ፣ የእርሱ ፒክ አፕ ላይ አስረን በነፋስ እንድንፈትናቸው መከረ። ለዱዌን ይህን ያህል ጥሩ ሐሳብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣለት።

ቁራጮቹን ሠርተን በጨርቅ አለበስናቸው። ከሹራቤ ክር ቀዩን መርጬ በጣት ቁመት እየቆረጥኩ ጀርባቸው ላይ በፕላስተር በረድፍ ለጠፍኩ። ክሩ ተኝቶ ከተጎተተ አየሩ ክንፉን ይዞታል፤ ከቆመና ከተንጫጫ ለቆታል። ሁለቱን ከመኪናው ጣሪያ በላይ በብረት ቋሚ ላይ አሰርናቸው፣ አፍንጫቸውን ቀና የሚያደርግ ዘንግም አበጀንላቸው። ሙቀቱ በገባ ሰሞን፣ አንድ አመሻሽ ላይ፣ በሚሲሲፒ ዳር ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፤ ከኋላ ዱዌን ክሩን እያየ ይጮኻል፣ ኤልደን ዘንጉን ይዟል።

በመጀመሪያው ዙር ደንባራው አሳፈረኝ። እስኪበቃ ቀና ሲደረግ እንኳ ክሮቹ እንደተኙ ነበሩ። ኤልደን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ መልሴን ለመስማት ጊዜ እንዳለው ነገረኝ። መኪናውን አዞርኩ።

ስንመለስ ፀሐይዋ ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ጀርባ ገብታ ነበር፤ የወንዙም ዝንቦች ተነሱ። በእኛ አገር ይህ በየዓመቱ ያለ ነው፤ ለአንድ ምሽት ኖረው የሚሞቱ ዝንቦች ከውኃው እንደ ደመና ይነሳሉ፣ ድልድዩ ላይ ሲቆለሉም የበረዶ መጥረጊያው መኪና ወጥቶ ይዝቃቸዋል። መስታወቱ በአንዴ ተለሰነ። ዱዌን አፉ ውስጥ የገባውን እየተፋ፣ እራቱን እንደበላ አስታወቀ። እኔ ግን አልቆምኩም። ክንፍ የሚበረው በንጹሕ ወረቀት ላይ ሳይሆን በዚህ አየር ውስጥ ነው።

የደንባራው አፍንጫ በዝንብ ሬሳ ሻክሮ ነበር። ኤልደን ዘንጉን ገና ትንሽ ቀና ሲያደርገው፣ ክሮቹ በሙሉ በአንዴ ተነስተው ቆሙ። ዱዌን እልል ሊል ምንም አልቀረው። ገራሙ ያው ዝንብ ተለጥፎበት፣ ከቁም ነገርም አልቆጠረው። አንድ ነገር ደግሞ ነበር። አየሩ ገራሙን ሊለቅ ሲቃረብ፣ ዱዌን ክሩን አይቶ ከመጮኹ በፊት ኤልደን «አሁን» ይላል፤ በየዙሩ አንድም ጊዜ አልሳተም። ዱዌን፣ ይሄ ሰውዬ ጠንቋይ ነው ወይ አለ።

ጀልባ የሚወርድበት ዳርቻ ላይ አቆምኩና ወረድኩ። ያሸነፈ ሰው አወራረድ ነው የወረድኩት።

«አየኸው?» አልኩ።

ኤልደን መሐረቡን አውጥቶ የደንባራውን አፍንጫ መጥረግ ጀመረ።

«ዝንብ ነው» አለ። «ከመነሳትሽ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊዋለሽ፣ አለቀ።»

ከመነሳትሽ። ትጠርጊዋለሽ። ወደ ኋላ ሄጄ ክረምቱን ሁሉ አሰብኩት። እህቴ ዘንድ ቶሎ ትደርሻለሽ እንጂ እደርሳለሁ ያለበት ቀን ትዝ አላለኝም። እኔ ጭቅጭቁን ስሰማ ቃሉን አልሰማሁም ነበር።

«ከመነሳቴ?» አልኩት። «አንተስ?»

ዱዌን ብዙ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ገባው። እግሬን ልታጠብ ብሎ ወደ ውኃው ሄደ።

«እኔ አላበርም፣ ማርሊስ» አለ ኤልደን።

መኸር ላይ፣ ከዚያ ካረፈበት ቀን በኋላ፣ ለብቻው ከተማ ሄዶ ሐኪም አይቶታል። በሁለቱም ዓይኖቹ የሚያየው መሐሉ እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩ አለ፣ ይቆያልም፤ መሐሉ ግን አይመለስም። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የወተት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

«በቀጥታ ሳይሽ ፊትሽ የለም» አለኝ። «ጆሮሽን ሳይ ነው ፊትሽ ከዳር የሚመጣልኝ።»

አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ ሁለቱ አብረው መጡ። ለምን ደበቅከኝ ብዬ በመዳፌ ደረቱን መታሁት። ቢነግረኝ ሥራውን እንደማስቆመው ነገረኝ፤ እውነቱን ነው፣ በማግስቱ በረቱን እቆልፈው ነበር። ታዲያ ይሄ ፈጣን ክንፍ ምንድን ነው አልኩት።

«የምታበሪያት አንቺ ነሽ» አለ። «ስንት ዓመት ነው በዘገምተኛ አውሮፕላን ስትማረሪ የሰማሁሽ? አንድ ቀን የፊት ለፊት ነፋስ ገጥሞን፣ ከታች የወተት መኪናው ሲቀድመን ምን እንዳልሽ አልረሳሁም።»

እኔም አልረሳሁም፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ እኔ የማልወደውን ክንፍ ለእርሱ ብዬ፣ እርሱ የማይዘውን ክንፍ ለእኔ ብሎ ነው የተፋጀነው። ሁለት ጅል ሽማግሌዎች። ዝንቦቹ ፀጉራችን ላይ እየረገፉ ተቃቅፈን ቆምን። በመጨረሻ ዱዌን ከውኃው ዳር፣ እግሩ ቀዝቅዞ ሊወልቅ እንደሆነ ጮኾ ነገረን።

በማግስቱ ጠዋት ኤልደን ቀድሞኝ በረት ገብቷል። ኮምፔርሳቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የደንባራውን ቅርጽ አስቀምጦበታል። እኔ አነሳሁትና የገራሙን አስቀመጥኩ።

ፊቱ ጠቆረ። «ምጽዋት ነው?» አለ። «እጅሽን አውቀዋለሁ። አንቺ ይሄን ልታበሪ የወተት ላም እንደመጋለብ ነው።»

«ቀኝ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንደ ጆንያ?»

መሐረቡን አውጥቶ እጁን ጠረገ።

«ትናንት ክሩን ሳታይ ከዱዌን ቀድመህ ነበር የምትናገረው» አልኩ። «በምን አወቅህ?»

«ዘንጉ ይነግረኛላ። ይንቀጠቀጣል።»

«ደንባራውስ?»

መልሱን ከመናገሩ በፊት ገብቶት እንደነበር አየሁ። «እርሱ ምንም አይልም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ማንሳትና ማሳረፍ እችላለሁ» አልኩት። «ከፍ ካልን በኋላ መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ። ፊት ለፊት ያለውን እኔ አይልሃለሁ፤ ክንፉ ራሱ የሚያወራውን ደግሞ አንተ ትሰማለህ። ለዚህ የሚናገር ክንፍ እፈልጋለሁ። ለምጽዋት አይደለም፣ አውሮፕላኗ የሁለታችን ስለሆነች ነው።»

አውራ ጣቱን በገራሙ ጀርባ ላይ ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ጭራው አሳለፈው። እንደገና መልሶ አሳለፈው።

«ፍጥነት ብዙ እናጣለን?» አለ።

«ብዙ።»

«እህቴ ዘንድ ለምሳ አንደርስም በያ።»

«ለእራት እንደርሳለን።»

ትንሽ አሰበበት፤ እርሱ ሳያስብ የሚለው ነገር የለም። ከዚያም ጆሮዬን እያየ ሳቀ።

«ጥሩ ነው» አለ። «መሪውን ብዙ እይዛለሁ ማለት ነው።»

ኮምፔርሳቶውን በሁለት እጁ ጫን ብሎ ያዘልኝ፣ እኔም መጋዙን አስነሳሁ።